«ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው ትንሽ ድረ ገጽ ላላችሁ ሁሉ ነው። ሱቅ ይሁን ክሊኒክ፣ የመኪና ኪራይ ይሁን እንደኔ የእንግዳ ማረፊያ። «በሦስት ወር ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» እያሉ የሚደውሉ ሰዎች አሉ። እኔ አምኜ 48 ሺህ ብር ከፍያለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት።

ማረፊያዬ ቦሌ ኤርፖርት አካባቢ ነው፤ ስምንት ክፍል አለው። ለገናና ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ወገኖች ካልያዙልኝ ዓመቱን ሙሉ እቸገራለሁ። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ተዋዋልኩ። ታኅሣሥ ሳይገባ ድረ ገጽሽ ከላይ ይታያል ተባልኩ።

ኅዳር ላይ የተዋዋልኳቸው ሰዎች የላኩት ልጅ እየሳቀ መጣ። ካፌ ተቀመጥን። ስልኩን አወጣና የማረፊያዬን ሙሉ ስም ከነሰፈሩ ጎግል ላይ ጻፈ። «ይኸው እትዬ፣ አንደኛ!» አለኝ። እውነትም አንደኛ ነኝ። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ክፍያ እዚያው ላክሁለት።

ማታ የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አክስቴ፣ በየትኛው ቃል ነው አንደኛ የሆንሽው?»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ማረፊያ የለም። አምስት ሳንቲም ሳልከፍልም በስሜ አንደኛ ነበርኩ። ዋሽንግተን ሆኖ ለገና ሊመጣ ያሰበ ሰው ግን ስሜን ከየት ያውቀዋል? እሱ የሚጽፈው «ቦሌ ኤርፖርት አጠገብ ማረፊያ» ብሎ ነው። እኛም ጻፍነው። ቡኪንግ ዶት ኮም መጣ፣ ትሪፕአድቫይዘር መጣ፣ የጎረቤቶቼ ሆቴሎች ካርታው ላይ ተደርድረው መጡ። እስከ አምስተኛው ገጽ ወረድን፤ እኔ የለሁም።

ከዚያ ሰርች ኮንሶልን ከፈትን። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤት በነፃ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንዳገኛችሁ፣ ስንቱ እንደገባ፣ ከየትኞቹ ድረ ገጾች ሊንክ (ሲነኩት ወደ እናንተ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ) እንደተደረገላችሁ ያሳያል። ብር የተቀበለኝ ልጅ አንድም ቀን አላሳየኝም ነበር። ወደ ድረ ገጼ የገባው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ስሜን ጽፎ የመጣ ነው። ሊንኮቹ ደግሞ ከቁማር ድረ ገጾች።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ሳላውቅ ስልሳ አዳዲስ ገጾች ተጨምረዋል። አንዱን ከፈትኩት። «በገርጂ ምርጥ ማረፊያ ይፈልጋሉ?» ይላል። ቀጣዩን ከፈትኩ። «በሳሪስ ምርጥ ማረፊያ ይፈልጋሉ?» አያት፣ ኮተቤ፣ ጀሞ… የሰፈሩ ስም ብቻ ይቀየራል እንጂ ጽሑፉ አንድ ነው። ኮተቤ ውስጥ አንድ ክፍል እንኳ የለኝም። በስሜ እንግዳ ሲዋሽ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ገጾችን ጎግል ዶርዌይ ይላቸዋል፤ ክልክል ናቸው። የቢኤምደብሊው የጀርመን ድረ ገጽ በ2006 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት ከጎግል ተሰርዞ ነበር። ያን የሚያህል ኩባንያ ወዲያው አስተካክሎ ይመለሳል። ስምንት ክፍል ያላት ማረፊያ ግን በገና ሰሞን ብትሰረዝ ማን ይደርስላታል? ጎግል ላይ ከፍ ለማለት ተብለው የሚገዙ ሊንኮችም እንደዚያው ናቸው። ጎግል ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለይ ሲያሳድዳቸው ቆይቷል። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር አያስገባቸውም፤ ብራችሁ ውኃ በላው ማለት ነው። ሲብስ ደግሞ ቅጣት አለው።

ዋስትና የሚባለውንም እርሱት። ማንም ሰው የአንደኝነት ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል በራሱ መመሪያ ላይ ጽፎታል። እንዲያውም «ድረ ገጻችሁ አይታይም፣ እናስተካክልላችሁ» የሚለው ኢሜይል ለጎግልም እንደሚደርሰው እዚያው ተጽፏል! ደህና ባለሙያ የለም እያልኩ አይደለም። ደህናው ባለሙያ ግን ውጤቱ ከአራት ወር እስከ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ይነግራችኋል፤ የሚሠራውንም ከመሥራቱ በፊት ያሳያችኋል። አንዳንዱ ደግሞ ማስታወቂያ ገዝቶ ከላይ ያወጣችሁና «ይኸው» ይላል። «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ማስታወቂያ ነው፤ ክፍያው ሲቆም አብሮ ይጠፋል።

እኔን የጠቀመኝ ምንም ያልከፈልኩበት ነው። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ ማረፊያዬን አስመዘገብኩ። አድራሻውን፣ ስልኩን፣ ራሴ ያነሳኋቸውን የክፍሎቹን ፎቶዎች አስገባሁ። አሁን ካርታው ላይ እታያለሁ። ስልሳውን ገጽ አጥፍተን በምትኩ አንድ ገጽ ጻፍን፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚያርፍ እንግዳን ከኤርፖርት ማን እንደሚቀበለው፣ የት ቆሞ እንደሚጠብቀው፣ ስንት እንደሚከፍል። እንግዶች በስልክ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

ውል ላይ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትሳሳቱ። እኔ ተናድጄ መጀመሪያ «በቃኝ» አልኳቸው። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ ለካ በእነሱ ስም ነበር የተመዘገበው። ፓስወርዱን ቀየሩት፤ ለማስመለስ ሌላ 10 ሺህ ብር ከፈልኩ። እናንተ ሳትጣሉ፣ ገና «እሺ» እየተባባላችሁ፣ ዶሜይኑን በስማችሁ አስዙሩ። የሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን አገልግሎት) ፓስወርድ ተቀበሉ። ሰርች ኮንሶሉ ላይ ባለቤት ሆናችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ግቡ። «በቃኝ» የሚለው ከዚያ በኋላ ይድረስ።