የአንኮበርን ታሪክ ከአራት ኪሎ ሆኖ መፈለግ

የአባቴ ወገኖች አንኮበሮች ናቸው። ስለ አገራቸው ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ ሳስስ ከርሜያለሁ። አብዛኛው አንዱ ከሌላው የገለበጠው ነው። ምንጭ የለውም፣ ዓመቱም ይምታታል። ከሁሉ የበለጠብኝ ግን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የኦንላይን ንባብ ክፍል ነው። አድራሻው ቪኤችኤምኤምኤል ዶት ኦርግ ይባላል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መመዝገብ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ እየተዞረ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚህ አሉ። አንኮበር ያለችበት ሸዋ በደንብ ተዳሷል። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት የደከሙበት የካታሎግ ሥራም ይኸው ነው። አንድ ብራና ስከፍት በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ የማገኘው በእሳቸው ልፋት ነውና ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ወንጌል ስትከፍቱ ወንጌሉን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ባዶ ቅጠሉንና ኅዳጉን (የገጹን ዳር) እዩ። ጉልት (ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለባለሥልጣን የተሰጠ መሬት) የተተከለው፣ መሬት የተሸጠው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት የተቆጠረው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የተጻፈው። ምስክሩ፣ ዳኛው፣ አለቃው በስማቸው ይጠራሉ። የነገሥታቱን ታሪክ የትም ታገኙታላችሁ። የአንድ ቀበሌ ባለርስት ስም ግን ከዚህ ውጪ የት ይገኛል? እኔ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ባነበብኩ ቁጥር ደስታዬ ወደር የለውም።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ካታሎጉ በላቲን ፊደል ስለተሠራ የቦታ ስም ስትፈልጉ አጻጻፉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ምስሎቹ ከባድ ናቸው፣ በስልክ ማየት ዓይን ያደክማል። እኔ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በትልቅ ስክሪን ነው የማየው። የጥንት እጅ ጽሑፍ ያልለመደ ሰው ደግሞ ግእዝ የሚያውቅ ዘመድ ይያዝ።

የውጭ ተጓዦችን መጻሕፍት ከኢንተርኔት አርካይቭ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ ነበር፤ እሱና የሚሲዮን ባልደረባው ኢዘንበርግ የጻፉት የቀን ማስታወሻ በ1843 ታትሟል። በ1841 በእንግሊዞች ተልኮ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው መኮንን ሃሪስም ሦስት ቅጽ ጽፏል። ሃሪስን በጥንቃቄ አንብቡት፣ ንቀቱ ብዙ ነው፣ ወሬ ማሳመርም ይወዳል። ለገበያውና ለመንገዱ ክራፕፍን አስቀድማለሁ። ሸዋን ስትፈልጉ እንግሊዞቹ በኤስ፣ ፈረንሳዮቹ በሲ እንደሚጀምሩት አትርሱ። ሁለቱንም ካልሞከራችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል።

የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የቆዩ እትሞች ጄስቶር በሚባለው የጥናት መጽሔቶች ድረ ገጽ ላይ አሉ። ነጻ አካውንት ከፍታችሁ በየወሩ የተወሰነ ማንበብ ትችላላችሁ። በክፍያ ብቻ የሚሠሩትን ገጾች ትቻቸዋለሁ። አንዱ የውጭ ባንክ ካርድ ካላመጣህ ብሎ ከደጅ መልሶኛል።

አንድ ምክር ልጨምር። ያያችሁትን ብራና ቁጥር ወዲያው ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ኢኤምኤምኤል (የእነዚህ የማይክሮፊልም ብራናዎች መለያ) ብሎ የሚጀምረውን። የቅጠሉንም ቁጥር ጨምሩበት። ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ባለሙያ ስታማክሩ ነገሩን የሚያፋጥነው እሱ ነው።