«የማይበላሽ ሲስተም» የተጫነበት ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ያላችሁ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኒክስኦኤስ የሚባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም) ጭኖ ይሸጣል። «ይሄ ሲስተም አይበላሽም፣ ቫይረስ ደጁ አይደርስም» እያለ ዋጋው ላይ 5,000 ብር ይቆልላል። የአክስቴ ልጅ ገዝቶ አመጣልኝና ውስጡን አየሁት።

ኒክስኦኤስን አላማውም። ኮምፒውተሩ ምን እንዲኖረው እንደምትፈልጉ አንድ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ። ፕሮግራሙ፣ ተጠቃሚው፣ ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት፣ ሳይቀር እዚያ ይሰፍራል፤ ቀሪውን ራሱ ያሰናዳል። ለውጡ ካልተመቻችሁ ማሽኑ ሲነሳ የቀድሞውን መርጣችሁ ትመለሳላችሁ። ደግሞ ነጻ ነው። 5,000 ብሩ የጫኚው የድካም ዋጋ ነው እንበል፣ ይሁን።

ነገሩ የተበላሸው ከርነሉ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ማሽን 4.19 ላይ ተቸንክሯል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ፣ በ2024 መጨረሻ የጥገና ጊዜው ያበቃ ከርነል ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ከዋናዎቹ አዘጋጆች መድፈኛ አይወጣለትም። «ቫይረስ ደጁ አይደርስም» የተባለው ይሄ ነው እንግዲህ! ሰበቡ ደግሞ የድሮ ዋይፋይ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ አዲስ ከርነል ላይ አልሠራ ስላለው ሻጩ በአሮጌው ተገላገለ። ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ቢሰካበት ያልቅ ነበር።

ጉዱ የሚፈላው አንድ ነገር ልቀይር ስትሉ ነው። ኒክስኦኤስ አብዛኛውን ነገር ተሰናድቶ ከተቀመጠበት ሰርቨር ያወርዳል። ጊዜው ያለፈበት ከርነል ግን ከስብስቡ ይወጣል። ሰርቨሩ ላይ ከሌለ የእናንተው ላፕቶፕ ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያሄደው ፕሮግራም ይቀይረዋል። ደካማ ማሽን ላይ ይሄ የሰዓታት ሥራ ነው። ይሄን የሚሠራው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ሲታደስ ወይም የከርነሉን አንዲት ምርጫ ስትነኩ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የጀመረውን በከፊል አያስቀምጥም። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪው ከሞተ፣ የተሠራው ሁሉ ገደል ገባ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ መቼም ታውቁታላችሁ፤ የመብራቱን ነገርማ ተዉት።

መብራቱ ቢታገሥም ላይሳካ ይችላል። የአክስቴ ልጅ አማርኛ መጻፊያ ላስጨምር ብሎ ሱቁ ቢወስደው ሻጩ ሲስተሙን አብሮ አዘመነው። ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ማራገቢያው ሲጮህ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ፎልስ» እና «ትሩ» የሚሉ ቃላት ላይ በስህተት ቆመ። አዲሱ ኮምፓይለር ጂሲሲ 15 እነዚህን ቃላት ከርነሉ የተጻፈበት የሲ ቋንቋ የራሱ አድርጎ ይይዛቸዋል። የድሮው ከርነል ደግሞ ራሱ ሊፈጥራቸው ይሞክራል። ይሄን የሚያስተካክል ሰው አለ፣ ግን መጻፊያ የፈለገ ተማሪ ለምን ይሄን ይማር?

ከሁሉ ያናደደኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ነገር የሚጻፍበት ፋይል ማሽኑ ላይ የለም። ሻጩ በፍላሹ ይዞት ሄዷል፣ የአስተዳዳሪውንም ይለፍ ቃል አልሰጠም። ቢጠየቅ «የሱቁ ምስጢር ነው» አለ። አንዲት ፕሮግራም ለማስጨመር 500 ብር ያስከፍላል። ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ ተከራይ ሆናችሁ ማለት ነው።

እና ብር ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) አስከፍታችሁ የከርነሉን ቁጥር እዩ፣ ከርነል ዶት ኦርግ ላይ በጥገና ላይ ካሉት ጋር አመሳክሩ። 6.12 ቢሆን ጥሩ ነው። ዋይፋዩ በዚያ ከርነል ሲገናኝ በዓይናችሁ እዩ። ፋይሉንና ይለፍ ቃሉን እጃችሁ ላይ ያድርግ። ካንገራገረ ጥላችሁ ውጡ፤ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሞልቷል።

የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ የድሮ ስሪቶችን የሚያጸዳውን ትዕዛዝ አትንኩ፤ የሚሠራው ከርነል ያለው እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ፎቶና ሰነዳችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ሲስተሙን እንደ አዲስ አስጭኑ።