የላውድነስ «ሳንደር ኢን ዘ ኢስት» ሸክላ፦ ከወራት ማዳመጥ በኋላ

ይህን የጃፓኑን የሄቪ ሜታል ባንድ የላውድነስን ሸክላ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። አዲስ ነገር ሁሉ ስለሚጣፍጥ ስለሱ ለመጻፍ አልቸኮልኩም።

የኔው ያገለገለ የጃፓን እትም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1985። ኦቢው፣ ማለትም የጃፓን ሸክላዎች ሽፋን ላይ በግራ በኩል የሚጠመጠመው ወረቀት፣ አልተቀደደም። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ቢለኝም የሽፋኑ ጥግ ተጣጥፎ ነው የደረሰኝ። ይሁን፣ ካርቶን አይደመጥም። ሸክላው ራሱ ንጹህ ነው፤ በዘፈኖቹ መሀል ኮሽታ የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ሙዚቃው እንምጣ። የኦሳካዎቹ ልጆች አልበሙን የቀዱት ሎስ አንጀለስ ሄደው ነው። ፕሮዲውሰሩ ከእንግሊዛዊው የሜታል ዘፋኝ ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር የሠራው ማክስ ኖርማን ነው። ዓላማው የአሜሪካ ገበያ ስለነበር ግጥሙ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ተሳካላቸውም፤ በአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ ቢልቦርድ 200 ላይ፣ 74ኛ ደርሷል። አልበሙን የተሸከመው ግን የባንዱ ጊታሪስት የአኪራ ታካሳኪ ጊታር ነው። «ላይክ ሄል» ላይ ሶሎው ሲገባ፣ ያን ሁሉ ሩጫ እየሮጠ እንኳ እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻ ይሰማል። በስልክ ስሰማው ይሄ ሁሉ ተጨፍልቆ ነበር። የድምፃዊው የሚኖሩ ኒሃራ እንግሊዝኛ አልፎ አልፎ ይንገዳገዳል፤ ጉሮሮው ግን ምንም አይወጣለትም። «ክሬዚ ናይትስ»ን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔን ሰልችቶኛል። አሁን አሁን ሸክላውን የማስቀምጠው በቀጥታ ሳይድ ቢን ነው።

ቤዙ ቀጭን ነው። የዘመኑ አመል ይመስለኛል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ትንሽ ስጨምርለት ይሻለዋል።

የበለጠ ያናደደኝ በየሳይዱ የመጨረሻ ዘፈን ላይ የሚሰማው መሻከር ነው። በዚህ ባንዱ አይወቀስም። ሸክላው ሁሌም በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ነው የሚዞረው። መርፌው ወደ መሀል ሲጠጋ ግን በአንድ ዙር የሚሄድበት መንገድ ያጥራል፤ ያው ድምፅ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል። «ስ» እና «ሽ» ያለበት ቃል ሁሉ መፋጨት ይጀምራል። ጫፉ ክብ የሆነውን መርፌ በኤሊፕቲካል፣ ማለትም ጫፉ ሞላላ በሆነ፣ ስቀይረው በጣም ቀነሰ። ጨርሶ ጠፋ ግን አልልም።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሻጩ የሸክላውን ፎቶ በደማቅ ብርሃን አንስቶ ይላክላችሁ፤ የሽፋኑ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ኦቢ ያለው ይወደዳል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ የሌለውን ውሰዱና በተረፈው ብር ደህና መርፌ ግዙበት።