ጢያ በቀትር፣ ጢያ በማለዳ

ጢያ ትክል ድንጋይ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ በአስጎብኚ መኪና፣ ቀጥሎ አክስቴን ይዤ በቡታጅራ ሚኒባስ። የመጀመሪያውን ባልሄድኩት ይሻለኝ ነበር።

ጉዞው የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበትን መልካ ቁንጥሬን፣ ከዐለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንንና ጢያን በአንድ ቀን የሚል ነው። ስሙን የማልጠራው ድርጅት «12 ሰዓት ንቅንቅ» ብሎ ከአዲስ አበባ የወጣነው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። ጢያ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ሹፌሩ ደግሞ «ሃያ ደቂቃ አላችሁ» አለን። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ነገር ብዙ ጥልቀት የለውም። ብርሃን ከላይ ሲወርድበት ጎራዴው ከክቡ አይለይም። ስልኬ ላይ የቀረው ግራጫ ድንጋይና የሰው ጀርባ ነው።

ሁለተኛውን በማለዳ ሄድን። መንገዱ 80 ከምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ነበርን። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ድንጋዩ ሌላ ሆነ። የጎራዴው ስለት ጥላ አውጥቶ ጣት የሚገባበት ይመስላል። አንዱ ላይ ጎራዴዎቹን መቁጠር ጀምሬ የድንጋይ ሽበት የሸፈነው ጋ ስደርስ ጠፋብኝ።

36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፣ ግን ግራኝ ከመምጣቱ በፊት ነበሩ። ይህን ሁሉ የነገረን የአካባቢው ልጅ የሆነ አስጎብኚ ነው፣ ለዚህ ጉብኝት ከከፈልኩት ሁሉ ያልቆጨኝ ለእሱ የሰጠሁት ነው። «አንድ ጎራዴ፣ አንድ የገደለው ጠላት» ካለ በኋላ ወዲያው «እንዲህ የሚሉ አሉ እንጂ ተመራማሪዎቹ አልተስማሙበትም» ብሎ ጨመረ። እንዲህ የሚል አስጎብኚ ስንት አለ?

አክስቴ እሱን አላስጨረሰችውም። ከታች ቅርንጫፍ የመሰለውን ምልክት በከዘራዋ እያሳየች፣ «ይሄማ እንሰት ነው» አለች።

«አዎ እማማ፣ እንሰት ነው የሚሉም አሉ።»

«ምን የሚሉ አሉ ትላለህ? እኔ ስፍቅ ያደግሁትን!»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ነገር ገባ። ሥሩ ሲቆፈር የሰው አጽም ተገኝቷል፣ በ12ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ሳይቀበሩ እንደማይቀሩ ይገመታል። ወንድም ሴትም አሉ፣ ተኮራምተው የተቀበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና «እናቶቻቸው ናቸዋ የቀበሯቸው» አለች። እኔ ለዓመታት የጢያን ፎቶ ሳይ ድንጋይ እንጂ ሰው ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ባርኔጣና ውኃ ያዙ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ሜዳ ስለሆነ አያደክምም።

ስንመለስ አዋሽ አጠገብ መልካ ቁንጥሬ ወረድን። ባልጭት ከሚባለው ቦታ ጋር ሆኖ እሱም በ2016 ዓ.ም. ነው በዩኔስኮ የተመዘገበው። ጎጆ ጎጆ ሙዚየሞቹ ውስጥ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የተጠረበ የድንጋይ መሣሪያ ተደርድሯል። አክስቴ ባልጭት የሚባለውን ጥቁር፣ እንደ መስታወት ስለታም ድንጋይ ስታይ «በዚህ አይደል እንዴ ቆዳ ሲፍቁ ያየሁት» ብላ መስታወቱን ልትከፍተው ምንም አልቀራትም፣ ጠባቂው ሮጦ መጣ። ጢያን በጠዋት ጨርሳችሁ እዚህ ከሰዓት ብትመጡ አይጎዳም፣ ያለው ጣሪያ ሥር ስለሆነ ቀትር አያጠፋውም። አዳዲ ማርያምን ግን ለሌላ ቀን ተዉት፣ ሦስቱን በአንድ ቀን የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ የመኪና ወንበር ነው።

አክስቴ ለእድሯ ሴቶች ሁሉ አውርታ መኪና እንከራይ እያሉ ነው። 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ያላገኘኋትን ሴት ትቼ እንደምሄድ ነግሬያቸዋለሁ።