ኪጋሊ ከሄዳችሁ ጊሶዚን ሳታዩ አትመለሱ

ሰው "ኪጋሊ ልሄድ ነው ምን ልይ" ሲለኝ ሁሌ የምመልሰው ጊሶዚ የሚባለው ሰፈር ያለውን፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ውስጥ ለተገደሉት ቱትሲዎች የቆመውን የጄኖሳይድ (የዘር ማጥፋት) መታሰቢያ ነው፣ በአፍ ከምደጋግመው ብዬ ነው አሁን የምጽፈው። ግን ለምን እንደሄድኩ አስቀድሜ ልናገር፣ ቦታውን ያየሁበት አይን ከዛ ስለሚመጣ።

እኔ ህግ ነው የተማርኩት፣ ያስተማርኩትም ህግ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ የአንድ ወረዳ ከንቲባ የነበረውን የአካየሱን ጉዳይ ስንት ባች አስተምሬዋለሁ፣ የተባበሩት መንግስታት ለሩዋንዳ አሩሻ ያቋቋመው ፍርድ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. በጄኖሳይድ ጥፋተኛ ያለው የመጀመሪያው ሰው ነው፣ አስገድዶ መድፈር ራሱ ጄኖሳይድ ሊሆን እንደሚችል የተፈረደውም እዛው መዝገብ ላይ ነው፣ ለህግ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና "እሺ እሱስ ታሰረ፣ ጎረቤቶቹስ? ነገ ጠዋት ከአንድ ቧንቧ አይደል እንዴ ውሃ የሚቀዱት?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ፍርድ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የከሰሰው 93 ሰው ነው፣ ገጀራ ያነሳው ጎረቤት ግን ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ከዛ ወዲህ ነው ቀስ በቀስ ወደ ሰላም ግንባታና እርቅ ጥናት የገባሁት፣ ቲዎሪውን ለአመታት አነበብኩ፣ ቦታውን ሳላይ።

ወደ ቦታው ልግባ። ከመሀል ከተማ በሞተር ታክሲ ቅርብ ነው፣ ሄልሜት ይሰጧችኋል። መግቢያ በነጻ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫውን ግን ከፍላችሁ ውሰዱ፣ ያለሱ ብዙ ያመልጣችኋል። መጀመሪያ ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች የሚናገሩበት አጭር ፊልም አለ፣ ከዛ ወደ ታች ወርዳችሁ ታሪኩን ከስሩ ትጀምራላችሁ፣ ቅኝ ገዢዎቹ ቤልጂየሞች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መታወቂያ ላይ ሁቱ ቱትሲ ብለው ሲጽፉ፣ የአክራሪ ሁቱዎች ሬዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሲጠራ፣ ከዛ ሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. እና ግድያው የቆየበት ያ መቶ ቀን። ቤተሰቦች ያመጧቸው ፎቶዎች የተሰቀሉበት ክፍል አለ፣ የሰርግ ፎቶ፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ልጅ ታቅፎ የሚስቅ ሰው። እዛ ብዙ ቆምኩ።

ያልቻልኩት ግን ፎቅ ላይ ያለውን የህጻናቱን ክፍል ነው። እያንዳንዱ ልጅ ትልቅ ፎቶ አለው፣ ከስሩ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው ጨዋታ፣ እንዴት እንደሞተ። አንድ የ10 አመት ልጅ አለ፣ ኳስ ይወዳል፣ ሰው ማሳቅ ይወዳል፣ ዶክተር መሆን ይፈልጋል። የመጨረሻ ቃሉ "ዩናሚር ይመጣልናል" ነው። ዩናሚር ሩዋንዳ የነበረው የተባበሩት መንግስታት ሰላም አስከባሪ ጦር ነው። የጸጥታው ምክር ቤት እኮ ግድያው በተጧጧፈበት በዛው ሚያዝያ ጦሩን ወደ 270 ሰው እንዲቀንስ ነው የወሰነው፣ እኔ ይሄን ውሳኔ በስላይድ ስንቴ አሳይቻለሁ፣ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አንድ ልጅ ይጠብቃቸው እንደነበር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የኛ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በዩናሚር ስር የገቡት እልቂቱ ካለቀ በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፣ አንዲት ሰራተኛ መጥታ ምንም ሳትናገር አጠገቤ ቆመች፣ ስረጋጋ ሄደች። እንዲህ አይነት መስተንግዶ የትም አላየሁም።

ውጪ ደግሞ የጋራ መቃብሮቹ አሉ፣ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ያረፈበት ነው፣ ላዩ ሰፊ ኮንክሪት ነው፣ አበባ ይቀመጥበታል። የስም ግድግዳው ገና አላለቀም። አትክልቱ ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ቶሎ አትውጡ።

ቅር ያለኝ የያዝኩት አስጎብኚ ነው (ስሙ ይቅር)፣ ጊሶዚን፣ ሰው ተጠልሎበት የተገደለበትን የኒያማታ ቤተክርስቲያንንና ቡገሴራ በሚባለው አውራጃ ካሉት የእርቅ መንደሮች አንዱን በአንድ ቀን ጠቅጥቆ አስገባቸው። በፍጹም እንዲህ አታድርጉ፣ ሰው ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን አይችልም። ኒያማታ የቆርቆሮውን ጣራ ቀና ብዬ ሳይ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ይገባ ነበር፣ እሱን እንኳን በቅጡ ሳላይ "መኪና ይጠብቃል" ተባልኩ።

መንደሩ ላይ እንደ ተመራማሪ በጥርጣሬ ነው የገባሁት፣ ያጠፉትና የተረፉት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው። ጋቻቻን፣ ማለትም የሰፈሩ ሰው ሳር ላይ ተሰብስቦ የጄኖሳይድ ተከሳሾችን የዳኘበትን ችሎት፣ በተመለከተ ጥያቄ አለኝ፣ 12 ሺህ ያህል የሰፈር ችሎት እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አየ፣ ጠበቃ አልነበረም፣ እልቂቱን አስቁሞ ስልጣን የያዘው ጦር (አርፒኤፍ) የፈጸመው ግድያም እዛ አልታየም፣ ይሄን ሳይናገሩ ማወደስ ልክ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ብዙ እናቶች የልጃቸው አጽም የት እንዳለ የሰሙት እዛው ሳር ላይ ተቀምጠው ነው፣ ይሄንንስ የትኛው ፍርድ ቤት ሰጣቸው? እኛ አገር የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ከጸደቀ ጀምሮ ሰው ሽምግልና ነው ፍርድ ቤት እያለ ሲከራከር እሰማለሁ፣ ከመከራከራችን በፊት ይሄን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል እላለሁ።

መንደሩ ውስጥ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ተራ በተራ ተናገሩ፣ ብዙ ጊዜ እንደተናገሩት ያስታውቃል፣ ልቤ አልገባም ነበር። ስንወጣ ዝናብ ጣለ። ሴትዮዋ ደጅ ያሰጣችው ቦሎቄ ነበር፣ ዞር ብላ ሰውየውን በቁልምጫ ተጣራች፣ እሱም ከቤቱ እየሮጠ መጣና የሰሌኑን አንድ ጫፍ እሱ አንዱን እሷ ይዘው እየተጨቃጨቁ አስገቡት። ማንም እንዲያይላቸው አልነበረም፣ ሌላው ጎብኚ መኪና ውስጥ ገብቷል። ያቺን ተማሪ አስታወስኳት።

ሁለት ቀን መድቡ፣ ጊሶዚን ለብቻው፣ ጠዋት ሂዱ። ከሰአት ምንም ፕሮግራም አትያዙ። ህጻናት ይዛችሁ ከሆነ የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ ራሳችሁ ግቡና እዩት።