የላፕቶፕ ባትሪ ንጽጽር ለሰሜን ሸዋ ገዢ፤ ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ሰዓት የሚጠጋው የትኛው ነው?

«እስከ 18 ሰዓት»፣ «እስከ 10 ሰዓት» የሚለው ማስታወቂያ ፈጠራ አይደለም። ችግሩ ሰዓቱ የተለካው እርስዎ በማይሠሩት ሥራ መሆኑ ነው። አምራቾች በብዛት የሚለኩት ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ፊልም በማጫወት ነው። የስክሪኑን ብርሃን ወደ 150 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ያወርዱታል፤ ይህ 300 ኒት ባለው የተለመደ ስክሪን ላይ ግማሽ ያህል ነው። አንዳንዶቹ ዋይፋዩንም ያጠፉታል። ፊልም ሲታይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ለዚያ ብቻ የተዘጋጀ የቺፑ ክፍል ስለሆነ ዋናው ፕሮሰሰር ብዙም አይነቃም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል በሚወርድ መኪና የነዳጅ ፍጆታ እንደ መለካት ነው፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ዳገቱ ግን አልተቆጠረም።

ስለዚህ የሁለት ኩባንያ ላፕቶፖችን በተጻፈላቸው ሰዓት ማወዳደር ገንዘብ ያስጠፋል። የሚወዳደሩት በሁለት ቁጥር ነው፦ ባትሪው ስንት ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ ማሽኑስ በእርስዎ ሥራ ላይ ስንት ዋት ይበላል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ፤ የሚመጣው ሰዓት ነው።

በምሳሌ እንየው። ባለ ኤም 2 ቺፕ 13 ኢንች ማክቡክ ኤር ባትሪው 52.6 ዋት-ሰዓት ነው። 18 ሰዓት ፊልም ያጫውታል ማለት በአማካይ 2.9 ዋት ብቻ ይበላል ማለት ነው። ለኢንተርኔት አፕል ራሱ 15 ሰዓት ብሎ ነው የጻፈው፤ 3.5 ዋት ይሆናል። 20 ታብ ከፍተው፣ ቴሌግራም ከኋላ እየሠራ፣ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ወደ 5 እና 6 ዋት ይወጣል። ያኔ የሚያገኙት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ነው። ማሽኑ ምንም አልተበላሸም።

ባትሪው በሚሊ አምፔር-ሰዓት ብቻ ከተጻፈ በቮልቱ አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። 5,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት በ7.6 ቮልት 38 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሻጮች ትልቁን ቁጥር መጥራት ስለሚወዱ ይህችን ስሌት ሱቁ ውስጥ በስልክዎ ይሥሯት። ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈው ቮልትና አምፔር አብዛኛውን ጊዜ የቻርጀሩ እንጂ የባትሪው አይደለም።

አራቱ ጎን ለጎን

ዋቱ በቢሮ ሥራ፣ በብራውዘርና በመካከለኛ ብርሃን የሚጠበቅ ግምት ነው።

| ዓይነት | የባትሪ አቅም | የሚበላው | የሚቆየው | ቻርጀር |
|---|---|---|---|---|
| ማክቡክ ኤር 13 ኢንች፣ ከኤም 1 እስከ ኤም 4 | ከ49.9 እስከ 53.8 ዋት-ሰዓት | 5–6 ዋት | 8–10 ሰዓት | ዩኤስቢ-ሲ |
| አዲስ 15 ኢንች ዊንዶውስ (ኤችፒ 15፣ ሌኖቮ አይዲያፓድ) | በብዛት 41–47 ዋት-ሰዓት | 7–9 ዋት | ከ4 ተኩል እስከ 6 ተኩል ሰዓት | ኤችፒ ክብ ጫፍ፤ አይዲያፓድ እንደ ሞዴሉ |
| ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ (ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ላቲቱድ 7490) | አዲስ ሳለ በብዛት 48–60 ዋት-ሰዓት | 7–9 ዋት | በባትሪው ጤና፤ በብዛት 4–6 ሰዓት | ዩኤስቢ-ሲ ይቀበላሉ |
| ጌሚንግ ላፕቶፕ | 50–90 ዋት-ሰዓት | 15–25 ዋት | 3–4 ሰዓት | ትልቅ የራሱ ቻርጀር |

በባትሪ ብቻ ከሆነ ማክቡክ ኤር ያሸንፋል። ፋን ስለሌለው አቧራ የሚስብበትም ነገር የለም። ነገር ግን ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ፣ አማርኛ በፓወር ግእዝ የሚጽፍ ወይም ለካርታ ሥራ አርክጂአይኤስ ዴስክቶፕ የሚያስፈልገው ሰው ማክ መግዛት የለበትም፤ እነዚህ የዊንዶውስ ሶፍትዌሮች ናቸው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት ብቻ ከሆነ ጤናማ ባትሪ ያለው ዩዝድ ኤም 1 እንኳ ከብዙ አዲስ ዊንዶውስ ይበልጣል።

አዲስ 15 ኢንች ዊንዶውስ ላይ ዋናው ስህተት በራምና በስቶሬጅ ብቻ መምረጥ ነው። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ይመልከቱ። ኢንቴል ላይ ዩ ካለ መነሻው 15 ዋት ነው፣ ፒ ከሆነ 28፣ ኤች ከሆነ 45። ሦስቱም «ኮር አይ 5» ተብለው ይሸጣሉ፣ ባትሪ ላይ ግን አይገናኙም። ከዚያ የባትሪውን መጠን ይጠይቁ፤ ዴል ኢንስፓይረን 3520 ለምሳሌ በ41ም በ54ም ዋት-ሰዓት ተሠርቷል። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ባለ 54ቱን ሳያመነቱ ይውሰዱ፤ በተመሳሳይ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምርልዎታል። ስማቸው በቪ የሚጨርሰው የኢንቴል ኮር አልትራ 200 ቺፖችና ስናፕድራገን ኤክስ ዊንዶውስን ወደ ማክ ያስጠጉ ናቸው። ስናፕድራገን ላይ ግን የቆየ ፕሪንተር ድራይቨር አይሠራም፤ ቢሮዎ ውስጥ ያለውን ፕሪንተር ሳያጣሩ አይግዙት።

ጌሚንጉ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኢታብስ (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) እና ከባድ ዲዛይን ለሚሠራ የምህንድስና ተማሪ ይጠቅማል፤ ሶኬት አጠገብ እንደሚቀመጥ አውቆ ይግዛ። ባትሪውም ከ100 ዋት-ሰዓት አያልፍም፣ ምክንያቱም አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚቀበሉት እስከዚያ ድረስ ነው።

ዩዝድ ላይ መመርመር ያለበት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ዩዝድ ስለሆነ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይዩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው በይፋ የሚቀበለው። ቲ480፣ 840 ጂ5 እና 7490 በ8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይገኛሉ። 840 ጂ3 ግን 6ኛ ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ይለፍዎት።

ቀጥሎ የባትሪ ሪፖርት ያውጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ይክፈቱ፤ ፓወር የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ፊደላትን አያይዘው ይቀጥሉ። አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ፣ ስላሽ ያድርጉና ባትሪ ሪፖርት የሚለውን ሳይለያዩ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርዎታል፣ በብራውዘር ይከፈታል። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የሚይዘው። 60,000 እና 39,000 ሚሊ ዋት-ሰዓት ካሉ የቀረው 65 በመቶ ነው። «ባለ 60 ዋት-ሰዓት» ተብሎ የቀረበልዎት ላቲቱድ የ39 ነው፤ በ8 ዋት ሲካፈል 5 ሰዓት አይሞላም። ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ይቀነስ ብለው ይደራደሩ።

ቲ480 ላይ ሪፖርቱ ሁለት ባትሪ ያሳያል፤ አንዱ ውስጥ ያለው 24 ዋት-ሰዓት ነው፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀለው። ሁለቱንም ያንብቡ፣ ሻጭ ጥሩውን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የኋላው በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት-ሰዓት ተሠርቷል፤ ባለ 72ቱ ጤነኛ ከሆነ በድምሩ 96 ይደርሳል። የውስጡ ከሠራ ደግሞ የኋላውን ላፕቶፑን ሳያጠፉ መቀየር ይቻላል። መብራት ረጅም ሰዓት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከአራቱ ሁሉ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። አንድ የታወቀ እንከን አለው፤ የታንደርቦልት ፈርምዌሩ (ሶኬቱን የሚመራው የውስጥ ሶፍትዌር) ካልታደሰ የዩኤስቢ-ሲው ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል። ሳይከፍሉ ሁለቱንም ሶኬት በቻርጀር ይሞክሩ፣ ከገዙ በኋላ ፈርምዌሩን ወዲያው ያድሱ።

ሪፖርቱ ሁልጊዜ አይታመንም። ቁጥሩ የሚመጣው ከባትሪው ቺፕ ስለሆነ ኦርጅናል ያልሆነ ባትሪ ሁለቱን ቁጥሮች እኩል፣ ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚለውን ዜሮ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩን ነቅለው ወደ 95 በመቶ ሲወርድ ሰዓት ይያዙና 20 ደቂቃ ቪዲዮ በኢንተርኔት ያጫውቱ። 5 በመቶ ከወረደ ከ6 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ 10 በመቶ ከወረደ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከ40 ወደ 12 ዘልሎ የሚወርድ ከሆነ አንዱ ሴል ሞቶ ሊሆን ይችላል። ታችፓዱ ያበጠ ወይም ክዳኑ ገጥሞ የማይዘጋ ከሆነ ባትሪው አብጧልና በነፃም ቢሆን አይውሰዱት።

ብርዱና ቆላው

ሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ተቃውሞ ይጨምርና ቮልቱ ቶሎ ይወርዳል፤ 20 በመቶ እያለ ድንገት ሊጠፋ የሚችለው ለዚህ ነው። አመዳይ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ቤት ገብቶ እስኪሞቅ ቻርጀር አይሰካበት። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። ብርዱ የወሰደው ሰዓት ግን ሲሞቅ ይመለሳል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀት ያን ዕለት አይታወቅም፣ ነገር ግን ሁልጊዜ 100 በመቶ ተሞልቶ በሙቀት የሚቀመጥ ባትሪ በዓመት ውስጥ ብዙ አቅም ያጣል፣ ያም አይመለስም። ሌኖቮ፣ ዴል፣ ኤችፒና አሱስ ብዙ ሞዴላቸው ላይ ቻርጁን 80 በመቶ አካባቢ የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው። ቆላ ያለ ሰው ይክፈተው፤ መንገድ ሲኖረው በዋዜማው ያጥፋው። ደጋ ላይ መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰው ግን ሙሉውን 100 ቢይዝ ይሻለዋል። አዲሱ ላፕቶፕዎ ከተጻፈለት አንድ አምስተኛ ያህል እያነሰ ካስቸገረ መጀመሪያ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ማስተካከያው ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ከገዙ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ዊንዶውስ ማሻሻያ እያወረደና ፋይል እየመዘገበ ስለሚሆን ባትሪውን አይፍረዱበት። ያ ሲያልቅ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ኤንድ ባትሪ ውስጥ ቁጠባውን ይምረጡ። ስክሪኑ 120 ወይም 144 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚታደስበት ብዛት) ከሆነ ወደ 60 ያውርዱት። ሲከፈት አብረው የሚነሱትን ቴሌግራም፣ ቲምስና ዋንድራይቭ ያስቁሙ። ትልቁ ቁጠባ ያለው ግን ስክሪኑ ላይ ነው። ብርሃኑን ከሙሉ ወደ ግማሽ ማውረድ በ15 ኢንች ላይ 2 ዋት ገደማ ሊቆጥብ ይችላል፤ 8 ዋት ይበላ የነበረ ባለ 41 ዋት-ሰዓት ማሽን ከ5 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ዙም ስብሰባ ደግሞ 12 እና 15 ዋት ሊበላ ስለሚችል ከዚያው ባትሪ 3 ሰዓት ይቀራል። ሆትስፖት የሚሰጠውን ስልክ አጠገብዎ ያድርጉት፤ ሲግናሉ ሲደክም የላፕቶፑ ዋይፋይ ይበልጥ ይበላል።

ማታ 80 በመቶ ትተውት ጠዋት 55 ካገኙት ቦርሳ ውስጥ በስሊፕ እየሠራ አድሯል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ሀይበርኔት (ሥራዎን አስቀምጦ መጥፋት) እንዲገባ ያድርጉት።

የማስታወቂያውን ሰዓት ራሱን መፈተን ከፈለጉ ዋይፋዩን አጥፍተው፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርገው፣ የወረደ ፊልም በዊንዶውስ በራሱ ማጫወቻ እያዞሩ ከ100 እስከ 50 በመቶ የፈጀውን ሰዓት በሁለት ያባዙ። ከተጻፈው በአንድ ሦስተኛ ካነሰና የ80 በመቶው ገደብ ካልተከፈተ የባትሪ ሪፖርቱን አትመው ወደ ሻጩ ይመለሱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዋስትናው ባትሪውን እንደሚጨምር ሲገዙ ደረሰኙ ላይ ያጽፉ።

ፓወር ባንክ ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው የቻርጀሩ ዓይነት ከባትሪው እኩል ይመዝናል። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ገደማ ይደርስዎታል፣ ማክቡክ ኤርን አንድ ጊዜ ይሞላል። ለዊንዶውስ ላፕቶፕ ቢያንስ 45 ዋት በዩኤስቢ-ሲ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ለስልክ የተሠራው 22.5 ዋት በአብዛኛው አይበቃም። ክብ ጫፍ ያለው ኤችፒ 15 ከፓወር ባንክ በቀጥታ አይሞላም። ብዙ ኤችፒዎች ግን ተዘግተው ሳለ በ45 ደቂቃ ውስጥ እስከ 50 በመቶ ይሞላሉ፤ መብራት ለአጭር ጊዜ መጥቶ በሚሄድበት ቀን እየሠሩ ከመሙላት ይልቅ አጥፍተው ይሰኩት።