የፌደራል ክስ «አስዘጋለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። ቤተሰባችን ከዓመት በፊት በታናሽ ወንድሜ ላይ የተጀመረውን የፌደራል ምርመራ «ክስ ሳይሆን አስዘጋዋለሁ» ላለን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ 15 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ሰውዬው ታክስ የሚሠራ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላና ሰነድ የሚተረጉም ቢሮ አለው፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰርተፊኬቶች ያየ ሁሉ ጠበቃ ይመስለዋል፤ እኛም መስሎን ነበር። ያቀረብነው አቤቱታ ገና እየታየ በመሆኑ ስሙንም ሆነ የቢሮውን አድራሻ አልጠቅስም፤ የገዛነው ነገር ምን እንደነበረ ግን ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።

ወንድሜ የራሱን መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሥራውን ሲያቆምበት፣ መንግሥት ለትናንሽ ድርጅቶች ባቀረበው የፒፒፒ ብድር እንዲጠቀም አንድ የሚያውቀው ሰው አግባባው። ሠራተኛ የሌለው ብቸኛ ነጋዴ በዚያ ብድር በአንድ ዙር ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ 20,833 ዶላር ነበር፤ በእርሱ ማመልከቻ ላይ ግን ፈጽሞ ያልነበሩ ስድስት ሠራተኞች ተጽፈው ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ፎርሙን የሞላው ሌላ ሰው ቢሆንም የፈረመው ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም። «ያ እኮ ያለፈ ጉዳይ ነው» የምትሉ ካላችሁም፣ በነሐሴ 2022 የወጣ ሕግ በዚህ ብድር ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ክስ የሚመሠረትበትን ጊዜ 10 ዓመት እንዳደረገው እወቁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። በፌደራሉ አሠራር ዐቃቤ ሕግ አንድን ሰው ለመክሰስ በቂ ማስረጃ አለኝ ብሎ ሲያምን፣ የምርመራው ዒላማ መሆኑን የሚገልጽ፣ እዚህ ሁሉም «ታርጌት ሌተር» የሚለውን ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ይልክለታል። ደብዳቤው ክስ አይደለም፤ ነገር ግን ክሱ ደጃፍ ላይ መቆሙን ያመለክታል። ሰውዬው ቤታችን በመጣበት ምሽት ደብዳቤው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ባለቤቴ ያቀረበችለትን ቡና እየጠጣ ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች አነበበና ስኒውን እዚያው ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ «ይህን ለእኔ ተዉት፤ ለእኔ የተለመደ ሥራ ነው» አለን። ከአራት ወር በኋላ ወረቀቱን ስናነሣ የስኒው ክብ ምልክት ያረፈበት አንቀጽ ወንድሜ ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ ጠበቃ የማማከር መብት እንዳለው፣ ለጠበቃ የሚከፍለው ከሌለውም ወደ ፌደራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ መደወል እንደሚችል ከነስልክ ቁጥሩ ይገልጽ ነበር። በነጻ የሚገኘውን ነገር የሚናገረውን መስመር ትተን 15 ሺህ ዶላር ከፈልን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል የሚባለው ለእኛ ዓይነቱ ይመስለኛል።

የፈረምነው ውል አንድ ገጽ ብቻ ነው። ርእሱ «የማማከር አገልግሎት» ይላል፤ የፍርድ ቤት ስም፣ የጉዳይ ቁጥር፣ የጠበቃ ስምና የፈቃድ ቁጥር የለውም፤ በጉልህ የተጻፈው «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው ብቻ ነው። ተስፋዎቹ በሙሉ በቃል ነበሩ፦ ውስጥ ሰው አለኝ፤ ክሱ አይመሠረትም፤ ካልተሳካ ግማሹን እመልሳለሁ። ይህ የመጨረሻው ተስፋ ሲነገረን ሐቀኝነት መስሎን ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጠን ይገባው እንደነበር አውቃለሁ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ በወንጀል ጉዳይ ክፍያውን ከውጤቱ ጋር ማያያዝ በሙያው ደንብ የተከለከለ ነው፤ «ካሸነፍኩ ትከፍሉኛላችሁ፣ ከተሸነፍኩ እመልሳለሁ» የሚባለው ለመኪና አደጋ ካሳ እንጂ ለወንጀል ክስ አይሠራም። ክስን መተው የሚችለው ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው፤ ክሱ አንዴ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ እርሱም ቢሆን ለማንሣት የዳኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳን ምክሩ ነው። ደብዳቤው በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት የፌደራል መርማሪዎች በጠዋት በር አንኳኩ። ሰውዬው አስቀድሞ «ከመጡ ሠራተኞቹ ዘመዶቼ ነበሩ፣ አሁን አገር ቤት ተመልሰዋል በል» ብሎ አስጠንቶት ስለነበር ወንድሜ የተነገረውን ደገመ። ለፌደራል መርማሪ እያወቁ የሐሰት ቃል መስጠት፣ ቃሉ በመሐላ ባይሰጥም፣ ብቻውን እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ያ የአምስት ደቂቃ ንግግርም በኋላ በክሱ ላይ ራሱን የቻለ ተጨማሪ አንቀጽ ሆኖ መጣ። በሩን ከፍቶ «ያለ ጠበቃዬ አልናገርም» ቢል ኖሮ አንዳች ወንጀል አይሆንበትም ነበር።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ለጠበቃችሁ የምትነግሩት ምሥጢር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ጠበቃ ላልሆነ አማካሪ የምትነግሩት ግን አይደለም። ወንድሜ ለዚያ ሰው በቫይበር የጻፈውን ሁሉ ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቅ፣ ሰውዬውም ተጠርቶ ሊመሰክርበት ይችላል። ጉዳይ አስፈጻሚውም ሁሉን ነገር በጽሑፍ እንድንልክለት ይወተውተን ነበር።

ሁለተኛውን ክፍያ፣ ማለትም 9 ሺህ ዶላሩን፣ ከወሰደ ከአንድ ወር በኋላ ደውሎ «ለውስጡ ሰው» ሌላ 5 ሺህ ዶላር በጥሬው እንድናዘጋጅ ጠየቀን። እዚህ ላይ እኅቴ እምቢ አለች፤ ዛሬ እርሷን የማመሰግንበት ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ ኖሮ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ለፌደራል ባለሥልጣን የተሰጠ ጉቦ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። ገንዘቡን ሰውዬው ኪሱ ቢከተውም እንኳ እኛ ጉቦ ለመስጠት ተስማምተናል ተብለን ከወንድማችን ጎን ልንቆም እንችል ነበር።

ከዚያ ክሱ መጣ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰዓት «የእኔ ጠበቃ ግራንድ ጁሪ ፊት ቀርቦ ይከራከርላችኋል» ይል ነበር። ግራንድ ጁሪ ከ16 እስከ 23 ሰዎች የሚቀመጡበት፣ ቢያንስ 12ቱ ከተስማሙ ክስ የሚጸድቅበት ዝግ ስብሰባ ነው፤ የተጠርጣሪ ጠበቃ ወደዚያ ክፍል አይገባም። ምስክር ሆኖ የተጠራ ሰው እንኳ ጠበቃውን ከበሩ ውጭ ያስቀምጣል። ስለዚህ የገዛነው ክርክር በአገሪቱ ሕግ ሊኖር የማይችል ክርክር ነበር።

ወንድሜ ሳይታሰር በመጥሪያ ስለተጠራ በተወሰነው ቀን አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት አብረን ሄድን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሰውዬው ለዋስ 25 ሺህ ዶላር እንድናሰባስብ፣ ገንዘቡም በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ነግሮን ነበር። ቃል የገባልን ጠበቃ አልመጣም፤ የሰውዬው ስልክም አይነሣም። ማጅስትሬት ዳኛው ወንድሜን ጠበቃ እንዳለው ጠየቁት፤ እርሱም ዝም አለ፤ ዝምታው ረዥም ስለነበር አጠገቡ የቆመችው አስተርጓሚ ጥያቄውን ድጋሚ በአማርኛ አለችለት። ይህች አስተርጓሚ የመጣችው በፍርድ ቤቱ ወጪ ነው፤ መንግሥት በሚመሠርተው የፌደራል የወንጀል ክስ እንግሊዝኛው ለማይበቃው ተከሳሽ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ከ1978 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል። ሰውዬው ግን ለ«ፍርድ ቤት ትርጉም» ብሎ ከ6 ሺሁ የመጀመሪያ ክፍያ ላይ 1,200 ዶላር ቆርጦ ነበር።

ከዚያ በመሐላ የሚሞላ የገቢና የንብረት መግለጫ ተሰጠው። ይህ ወረቀት በእውነት መሞላት አለበት፤ ገቢው ይበቃል ከተባለ ፍርድ ቤቱ የተወሰነውን እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ያን ዕለት ከፌደራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ አንዲት ጠበቃ ተመደበችለት። የዋሱ ነገርም በሩብ ሰዓት አለቀ፦ ፓስፖርቱን አስረክቦ፣ ከአካባቢው ያለ ፈቃድ ላይወጣ ፈርሞ፣ አንድ ዶላር ሳይከፍል ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1984 የወጣው የፌደራል የዋስትና ሕግ ዳኛ ተከሳሹ ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ በመጠየቅ ብቻ እንዳያሳስረው ይከለክላል፤ በፌደራል ፍርድ ቤት ሰው የሚታሰረው ሊጠፋ ይችላል ወይም ለሌሎች አደገኛ ነው ተብሎ ሲታመን ነው። እነዚያን 25 ሺህ ዶላር ሰብስበን ቢሆን ኖሮ የት ይገቡ እንደነበር መገመት ለእናንተ እተዋለሁ።

«የመንግሥት ጠበቃ ለመንግሥት ይሠራል» የሚለውን የሻይ ቤት ወሬ እኔም አምን ነበር። የፌደራል ተከላካይ ጠበቆች ግን ውለው የሚያድሩት በዚሁ ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኞቹንም፣ ዐቃቤ ሕጎቹንም፣ የቅጣት መመሪያውንም ያውቃሉ። ጠበቃዋ በመጀመሪያው ስብሰባ የጠየቀችው ሰውዬው በአራት ወር አንድ ጊዜም ያልጠየቀውን ነገር ነው፤ «ዜጋ ነህ ወይስ ግሪን ካርድ?» አለችው። ወንድሜ ግሪን ካርድ ነው። በማጭበርበር ወንጀል የተጎጂው ኪሳራ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ በኢሚግሬሽን ሕግ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ወንጀሎች ይመደባል፤ የግሪን ካርድ ባለቤትም ቅጣቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊባረር ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ጥፋተኝነቱን ከማመኑ በፊት የመባረርን አደጋ መንገር እንዳለበት ወስኗል። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህ ግዴታ የለበትም፤ ምክሩም «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ይፈርም፣ ግማሹን ፈጽሞ በአመክሮ ይወጣል» የሚል ነበር። በፌደራል እስር ቤት ከኅዳር 1987 በኋላ ለተፈጸመ ወንጀል እንዲህ ያለ አመክሮ የለም፤ በመልካም ጠባይ የሚቀነሰው በዓመት ቢበዛ 54 ቀን ነው።

ጥፋተኝነትን ማመን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በ2018 የበጀት ዓመት በፌደራል ፍርድ ቤቶች ከተከሰሱት 90 ከመቶ ያህሉ ጥፋታቸውን አምነዋል፤ እስከ ችሎት ሙግት የሄዱት 2 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት 8 ከመቶ ክሳቸው ተቋርጧል። ዋናው ጥያቄ የትኛውን አንቀጽ፣ በየትኛው የገንዘብ መጠን፣ በምን ቃል ማመን እንዳለበት ነው፤ ድርድሩም የሚካሄደው በእነዚህ ላይ ነው። ዳኛውም ከመቀበላቸው በፊት በጽሑፍ ከሰፈረው ውጭ የተገባልህ ቃል አለ ወይ ብለው ተከሳሹን በመሐላ ይጠይቁታል። ሰውዬው ለዚህ ጥያቄ «የለም በል» ብሎ አስጠንቶት ነበር፤ ይህም ቢሆን ኖሮ ሌላ የሐሰት ቃል ነው።

የግል ጠበቃ መቅጠር የምትፈልጉና አቅሙ ያላችሁ ብትቀጥሩ መልካም ነው፤ በፌደራል ጉዳይ የታወቁ ብርቱ ጠበቆች አሉ፤ ክፍያቸውም ውድ ነው። ሆኖም ሙሉ ስሙን ጠይቃችሁ በስቴቱ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ፈልጉት፤ ፈቃዱ ንቁ መሆን አለመሆኑን፣ ቅጣት እንዳለበትና እንደሌለበትም በደቂቃ ታያላችሁ። በተጨማሪም በዚያው የፌደራል ፍርድ ቤት ለመቆም የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ፤ የስቴት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ክሱ ከተመሠረተም «ፔሰር» በሚባለው የፌደራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ የጉዳዩን ቁጥር አስገቡ፤ ዋጋው ለአንድ ገጽ 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰነድ ቢበዛ 3 ዶላር ነው፤ በሦስት ወር ከ30 ዶላር ካላለፈ ደግሞ አይከፈልም። ጠበቃዬ ነው የምትሉት ሰው ስሙ በዚያ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ በዚያ ጉዳይ ጠበቃችሁ አይደለም። እኔ ይህን ያደረግሁት ወንድሜ ከቀረበ ማግሥት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

የወንድሜ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ የጠበቆች ማኅበር ለተጎዱ ደንበኞች ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የሚሸፍነው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያጠፋውን ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ለእኛ አይሠራም፤ አቤቱታ ያቀረብነው ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራቱን ለሚመለከተው ክፍልና ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ነው። የዜል ደረሰኞቹን፣ ባለ አንድ ገጹን ውልና የቫይበር መልእክቶቹን አያይዘናል፤ ያያያዝነውም ጠበቃዋ አይታ ከፈቀደች በኋላ ነው። 9 ሺህ ዶላሩ የወጣው እኅቴ ቀድማ ከወሰደችው፣ በወር 450 ዶላር ከሚጣልበት የ20 ሰው ዕቁብ ነበር፤ ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀረዋል።